ሁለት ሽማግሌ በአንድ ካናቴራ

የእኛ ሽማግሌ አንድ እግሩ መቃብር ገብቶ እንኳ «እንዴት ዋሉ?» ቢሉት መልሱ «እግዜር ይመስገን» ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ብለው የተረቱት እነሱ፣ በሽታቸውን የሚደብቁትም እነሱ። ሐኪም ፊት ቀርበው እንኳ መጀመሪያ የሐኪሙን ልጆች ደኅንነት ነው የሚጠይቁት። እናንተም ቤት አንድ አይጠፋም።

እንግዲህ ለእንዲህ ዓይነቱ ሰው ነው ይሉኝታ የማያውቅ ካናቴራ የተሠራለት። ሲያዩት እንደማንኛውም ካናቴራ ነው፤ ክሩ ግን የልብ ምት ያዳምጣል፤ ያዳመጠውንም ቀን ከሌት ለጤና ጣቢያው ይልካል። የአባቴ ልብ አልፎ አልፎ ምቱ ስለሚዛባ ባለፈው የብርድ ወራት ለእሳቸውም ሰጧቸው። «ይኼ ሰላይ ነው» አሉ። ለበሱት ግን።

አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ፣ ኢየሩሳሌም ውስጥ በምሠራበት የሕፃናት ማቆያ ሳለሁ፣ የጤና ጣቢያዋ ነርስ ደወለችልኝ። የአባትሽ ልብ ከትናንት ጀምሮ ደጋግሞ ለሰከንዶች ቀጥ ብሏል፣ አሁኑኑ ሆስፒታል አምጪያቸው አለችኝ። ሕፃናቱን ለባልደረባዬ ትቼ በረርኩ። ታክሲ ውስጥ ያላለቀስኩት ሾፌሩ በመስታወት ስላየኝ ብቻ ነው።

ቤት ስደርስ አባቴ በረንዳ ላይ ቆመው ቃሪያቸውን ውኃ ያጠጣሉ። ደረታቸውን ብዳብስ ካናቴራው የለም።

«ተናገረ እንዴ?» አሉኝ ረጋ ብለው።

«ማን?»

«ካናቴራው። እንግዲያ የፈራሁት ደርሷል። ነይ፣ ኢትዮጵያ መንገድ እንሂድ።»

በመንገድ ላይ ሁሉንም ተናዘዙ። ኢትዮጵያ መንገድ በሚባለው በዚያ ጎዳና ላይ ባለው የኢትዮጵያውያን ገዳም አባ ወልደ ሚካኤል የሚባሉ መነኩሴ አሉ፤ ጎንደር ሳሉ የአባቴ የቀዬ ልጅ ነበሩ። ሁለቱ በስተርጅና ኢየሩሳሌም ላይ ተገናኝተው በየሐሙሱ በገዳሙ ግቢ ያወጋሉ። ሰሞኑን መነኩሴው ቅዳሴ ላይ ሁለት ጊዜ ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል፤ ሐኪም ዘንድ እንሂድ ቢባሉ «ጾሙ ነው» ብለው እምቢ አሉ። አባቴ ታዲያ ትናንት «ለብርድ ናት፣ ከቀሚስህ ሥር አድርጋት» ብለው የራሳቸውን ካናቴራ አልብሰዋቸው መጡ።

«የእርስዎስ ልብ?» አልኳቸው።

«የእኔማ መታመሙ ታውቋል። ያልታወቀው የእሱ ነው።»

ልብ በሉ። በዚያ በጎንደር ዘመን እኛ ቤተ እስራኤሎች ከክርስቲያን ጎረቤት ጋር በእጅ እንኳ አንነካካም ነበር፤ ድንገት የተነካ ሰው ወንዝ ወርዶ ሳይታጠብ ቤቱ አይገባም። አሁን አባቴ መታጠቡን የተዉት ወንዙ ርቆ ነው እንዳልል፣ ቧንቧ በየቤቱ አለ።

አባ ወልደ ሚካኤል ከክቡ ቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ሥር ዳዊታቸውን ይዘው ተቀምጠዋል። ፊታቸው አመድ መስሏል። ነገሩን ስንነግራቸው «እንዴ፣ ልብስ ከሰሰኝ?» አሉ።

«ከሰሰህ» አሉ አባቴ። «ምስክሩም እኔ ነኝ። ተነሥ።»

መነኩሴው ተነሡ፤ ሦስት እርምጃ ሳይሄዱ ግን በአባቴ ክንድ ላይ ዝልፍልፍ አሉ። አባቴ ጓደኛቸውን በደረታቸው ደግፈው፣ የጠራሁት አምቡላንስ እስኪመጣ ድረስ አቅፈው ያዟቸው። በዚያው ቀን ሆስፒታል ውስጥ ለመነኩሴው የልብ ምት የምታስተካክል ትንሽ መሣሪያ ተገጠመችላቸው፤ ተረፉ።

ካናቴራው ታጥቦ ለአባቴ ተመለሰ። ሐኪሙም ዳግመኛ ለሌላ ሰው እንዳያለብሱ አስማላቸው።

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ሐኪሙ እኔንና አባቴን አስጠራን። «በየሐሙሱ ረፋድ ላይ ልባቸው ይፈጥናል። ምን ይሠራሉ?» አለኝ በዕብራይስጥ። እኔ አውቃለሁ፤ መነኩሴው ድነው ከአባቴ ጋር «የሙሴን ሕግ ከሁለታችን ማን ጠበቀ?» እያሉ ይከራከራሉ። «ለሕይወት የሚያሰጋ አይደለም» አለ ሐኪሙ፣ «ቢሆንም ከሚያናድዳቸው ሰው ይራቁ።»

አባቴ ዕብራይስጥ አይሰሙም። «ምን አለ?» አሉኝ።

«ሐሙስ ሐሙስ እንዳይቀሩ ብሏል» አልኳቸው።