አያ ክንዱ ሰላምታ እስኪጨርሱ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ሰላምታ የማያልቅበት ሰው የሌለው ከተማ ካለ፣ ያ ከተማ ገና አልተቆረቆረም ማለት ነው። ውሃ ሳይገባለት፣ መብራት ሳይዘረጋለት የኖረ ከተማ ሞልቷል። እንዲህ ያለ ሰው ሳይኖረው የኖረ ግን የለም። ሲመጣ ከሩቅ ያየው ሁሉ መንገዱን ትቶ በጓሮ ይዞራል፤ ያላየው ደግሞ የዕለት ሥራውን ለነገ ያሳድራል።

የፍኖተ ሰላሙ መጋቤ ሰላምታ አያ ክንዱ ይባላሉ። የሚኖሩት ማንኩሳ ነው፤ በየገበያው ቀን ግን ከዘራቸውን ይዘው ማልደው ከተማ ይገባሉ። የሚሸጡት ነገር የለም። የሚገዙት ቢኖር ጨው ነው፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ሳይዙ ይመለሳሉ፤ ጨው ሻጯን ሰላም ብለው ሳይጨርሱ ገበያው ይበተናላ!

«እንደምን ሰነበትሽ?» ብለው ይጀምራሉ። «እግዜር ይመስገን» ብላ ያመለጠች የመሰላት ሴት እግሯን ስታነሣ፣ «ቆይ እንጂ፣ ገና መች ጠየቅሁሽ!» ይላሉ። ከዚያ እናት፣ አባት፣ አክስት፣ የአክስት ባል፣ አምና እግሯን ያመማት ላም፣ ያቺ ላም የወለደችው ጥጃ በየተራ ይነሣሉ። የሞተ ሰው ካለ ለብቻው ይታዘንለታል። የተጣላ ካለ ታርቆ እንደሆነ ይጠየቃል። እያንዳንዱ «ደኅና ነው» ደግሞ አንድ ጊዜ ተብሎ አይበቃም፤ «እውነት ደኅና?» ይከተለዋል።

በአንድ ለአምስት ዘመን አንድ ጊዜ ስብሰባ ተጠርተው ነበር። አዳራሹ ውስጥ አርባ ሰው ያህል ተቀምጧል። አያ ክንዱ ከበሩ ጀምረው ሁሉንም አንድ በአንድ ጨብጠው እየጠየቁ ሰብሳቢው ዘንድ ሲደርሱ የምሳ ሰዓት ሆነ። ቃለ ጉባኤው «ስብሰባው በሰላም ተጠናቀቀ» ይላል። የእጅ ስልክ የገባ ሰሞን ደግሞ ቡሬ ወዳለ አንድ የእህል ነጋዴ ደውለው የነጋዴውን ዘመድ አዝማድ ጠይቀው ሳይጨርሱ ካርዳቸው አለቀ። ለምን ጉዳይ እንደ ደወሉ ነጋዴው ዛሬም ድረስ ይጠይቃል።

ከዚህ ሁሉ መከራ ትልቁን ድርሻ የምትቀበለው ያምሮት ናት። የምትሠራበት ሼድ ገበያው መግቢያ ላይ ስለሆነ የምትሸሽበት ጓሮ የላትም። አያ ክንዱ ከተማ ሲገቡ መጀመሪያ የሚያገኙት የእሷን በር ነው። ሽማግሌ ሰላም እያላት ጀርባዋን ሰጥታ ሥራዋን እንዳትይዝ ደግሞ እናቷ እንዲያ አድርጋ አላሳደገቻትም።

ያምሮት ከባልንጀራዋ ከካሰች ጋር ከመስታወት ሳህን ትሠራለች። ባሕር ዳር ስድስት ሳምንት ሠልጥና ስትመለስ ጥቃቅንና አነስተኛ ሼዱን ሰጣቸው፤ አንድ የእርዳታ ድርጅት ደግሞ በኤሌክትሪክ የምትሠራ እቶን አመጣላቸው። እቶኗ ከሄደች ያምሮት ወደ እናቷ ጠላ ቤት መመለሷ ነው። ጠላ ቤት ነውር የለበትም። እሷ ግን ከልጅነቷ ጀምሮ ጣሳ ስታጥብ ኖራለችና በቅቷታል።

የሥልጠና ደብተሯን በቃሏ ትወጣዋለች። የመስኮት መስታወት ከመስኮት፣ ጠርሙስ ከጠርሙስ እንጂ ሁለቱን አንድ ላይ አትክተቺ፤ እሳት ላይ አይስማሙም። መስታወቱን በደንብ እጠቢና አድርቂ፤ የጣትሽ አሻራ እንኳ ተቃጥሎ ይቀርበታል። የሸክላ ፎርማውን በውሃ በበጠበጥሽው ነጭ አፈር ቅቢ፤ አለዚያ መስታወቱ ይጣበቅና አልላቀቅም ይልሻል። መጀመሪያ ሁለት የመስታወት ንጣፍ ደራርበሽ አንድ እስኪሆኑ አሙቂ። ከዚያ ፎርማው ላይ አስተኝተሽ ዳግመኛ በመጠኑ አሙቂ፤ እየለሰለሰ ራሱ ይጎደጉዳል። የመጨረሻው መስመር ላይ ያለው አንድ ቃል ብቻ ነው፦ «ይቀዝቅዝ»። ለስንት ሰዓት እንደሆነ አሠልጣኙ ሊናገር ሲል ለምረቃ ፎቶ ተጠሩ።

ያምሮት እሳቱን ማታ ታጠፋና ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ መዳፏን እቶኗ ላይ ታሳርፋለች። ጡቡ ቀዝቅዟል። ክዳኑን ታነሣለች። «ቋ!» ይላል አንዱ። ሌላው ይከተላል። ስድስት ሳህን ገብቶ አሥራ ስምንት ስባሪ ይወጣል። አንዳንድ ቀን ደግሞ ስድስቱም ምንም ሳይሆኑ፣ በየሁለቱ ንጣፍ መሃል ያስቀመጠችው የመዳብ ሽቦ መስቀል እያንጸባረቀ ቁጭ ብለው ይጠብቋታል። ያው መስታወት፣ ያው ነጭ አፈር፣ ያው እሳት ነው። ነገሩ ግራ ገባት።

እሳቱ በዝቶ ይሆናል ብላ ቀነሰች፤ ተሰነጠቀ። አንሶ ይሆናል ብላ ጨመረች፤ ተሰነጠቀ። መስታወቱን ሦስት ጊዜ አጠበችው። የምትገዛበትን ሱቅ ቀየረች። ደረቅ ጾም ጾማ ሠራች፣ በልታ ሠራች። ካሰች «ሦስቱን ሕፃናት ከእቶን ያወጣ ገብርኤል ስድስት ሳህን ያቅተዋል?» ብላ ጃንጥላ ተሳለች። በማግስቱ እቶኗ ስትከፈት አምስቱ ስባሪ ሆነው ወጡ፤ ካሰችም ስለ ጃንጥላው ዝም አለች።

በዚህ መሃል የጥቃቅንና አነስተኛ ጽሕፈት ቤት ባለሙያ ይታገሱ መጣ። ይታገሱ ጨዋ ልጅ ነው፤ ችግሩ እንደ ሪፖርት ነው የሚያወራው።

«ከነገ ወዲያ ከሰዓት ኮሚቴ ይዤ እመጣለሁ» አለ። «እቶኗን ፊታችን ትከፍታላችሁ። ስድስቱም ሙሉ ካልወጡ እቶኗ ለሌላ ማኅበር ትተላለፋለች። በግምገማ የተደረሰበት ነው።»

«ሙሉ የወጡትንስ አላየሃቸውም?» አለች ያምሮት መደርደሪያውን እያሳየችው።

«እነዚህን ከባሕር ዳር ገዝታችሁ እንዳልሆነ ኮሚቴው በምን ያውቃል?» አለና ሄደ።

ካሰች በሩን ዘግታ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እኔ አውቄዋለሁ» አለች። «ዓይን ነው። የማንኩሳው ሽማግሌ ናቸው። ‹እቶኗስ እንዴት አደረች?› እያሉ ሲጠይቁ አልሰማሽም? እቶንን እንዴት አደረች የሚል ሰው አይተሽ ታውቂያለሽ?»

ያምሮት አላመነችም። ቢሆንም ግራ የገባው ሰው የማይሞክረው የለምና ደብተሯን አወጣች። የተሰበረበትን ቀን በኤክስ፣ ሙሉ የወጣበትን በክብ ምልክት ታደርግ ነበር። ክቦቹን በጣቷ እየተከተለች ቆጠረች፤ ሁሉም የገበያ ቀን ነበሩ። አንድም ሳይቀር።

«አያ ክንዱ የመጡ ቀን የወጣው ሁሉ ሙሉ ነው» አለች።

ካሰች ቅንጣት አላፈረችም። «እኔስ ምን አልሁ? እጃቸው በረከት አለው አላልሁሽም?»

ኮሚቴው የሚመጣበት ቀን ደግሞ ገበያ የለም። ስለዚህ በዋዜማው ስድስቱን ሳህን አስገቡ፣ ማታ እሳቱን አጠፉ። በነጋታው ጠዋት ያምሮት «ሽማግሌውን ይዤ ሳልመለስ ክዳኑን እንዳትነኪ» ብላ ካሰችን አስማለቻትና ባጃጅ ይዛ ማንኩሳ ወረደች። በረከትም ይሁን ሌላ፣ ምን እንደምታመጣ ራሷም አታውቀውም። ባጃጁን ስድስት ሰዓት ላይ ተመለስ ብላ ሰደደችው።

አያ ክንዱ ደጃፋቸው ላይ ፀሐይ ይሞቁ ነበር። ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ውይ ልጄ! ያምሮት! እንደምን አደርሽ?»

«እግዜር ይመስገን። አያ፣ ለአስቸኳይ ጉዳይ…»

«ቆይ እንጂ፣ ገና መች ጠየቅሁሽ! እናትሽ ወገቧ ተሻላት? እውነት ተሻላት? ታናሽሽ ፈተናውን አለፈ? ያቺ ቦራ ላም ወለደች? ካሰችስ? እቶኗስ እንዴት አደረች?»

ወደ ቤት አስገቧትና በርጩማ ሰጧት። እሳቸው መደቡ ላይ ተቀመጡ። ያምሮት ስድስት ጊዜ «ጉዳዩ ምን መሰለዎት» ብላ ጀመረች፤ ስድስት ጊዜም በአክስቷ ባል በኩል ተመልሳ መጣች። ሦስት ሰዓት ሆነ። አምስት ሰዓት ሆነ። ልቧ ሼዱ ጋ ነው፤ እግሯ ግን ከሽማግሌ ፊት አይነሣም። ስድስት ሰዓት ላይ ባጃጁ ደርሶ ጥሩንባውን ነፋ። እንባዋ መጣ።

ሰባት ሰዓት ግድም ስልኳ ጮኸ። ካሰች ናት።

«ኮሚቴው ቀድሞ መጣ! አንቺ ብትቀሪብኝ ምን ላድርግ፣ ከፈትሁት!»

«እና?»

«ስድስቱም! ስድስቱም ሙሉ! ይታገሱ አንዱን ሦስቴ ገለባብጦ አየው። እቶኗ አትሄድም ብሏል! ሽማግሌው ግን ሳይመጡ እንዴት ሆነ?»

ያምሮት ስልኩን ዘግታ ሰዓቱን በጣቷ ቆጠረች። በገበያ ቀን አያ ክንዱ ከአንድ ሰዓት እስከ አምስትና ስድስት ሰዓት በር ላይ ያቆሟታል፤ ክዳኑ የሚነሣው እሳቸው ሲሄዱ ነው። ዛሬም እሷን ሲጠብቅ እስከ ቀትር ተዘግቶ ቆይቷል። ለካ ጠዋት ስትዳስሰው የቀዘቀዘው የውጩ ጡብ ብቻ ኖሯል። ውስጡ ገና ትኩስ ነው፤ የማለዳውን ብርድ ስትለቅበት መስታወቱ ደንግጦ ይሰነጠቃል። በረከት የለ፣ ዓይን የለ። «ይቀዝቅዝ» ማለት አያ ክንዱ ሰላምታ እስኪጨርሱ ማለት ነው።

ብቻዋን ሳቀች። ከእንግዲህ አንድ የግድግዳ ሰዓት ይበቃታል፤ አያ ክንዱም አያስፈልጓትም።

«ኧረ ለጉዳይ ነበር የመጣሽው?» አሉ እሳቸው፣ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ትንፋሽ እየወሰዱ።

«ለጉዳይ ነበር፣ አለቀ» ልትል አፏን ከፈተች። ግን ዓይኗ ቤቱን ዞረ። በርጩማው አንድ ነው፤ እሷ የተቀመጠችበት። ምድጃው ጠዋትም አልነደደም። እኒህ ሰው የእነ ያምሮትን ቦራ ላም ያውቃሉ፣ የእናቷን ወገብ ያውቃሉ፣ እሷ ግን ስለ እሳቸው የምታውቀው ማንኩሳ መኖራቸውን ብቻ ነው። «እግዜር ይመስገን» ብሎ የማይሸሽ፣ ተራውን ጠብቆ እሳቸውን የሚጠይቅ ሰው በገበያው ውስጥ አይታ አታውቅም። ራሷም አድርጋው አታውቅም። አፈረች።

«እርስዎስ አያ?» አለች። «ልጆችዎ ደኅና ናቸው?»

አያ ክንዱ ወደ ኋላቸው ዞረው ተመለከቱ፤ ሌላ ሰው የተጠየቀ መስሏቸው ነው።

«እኔን?» አሉ። አርባ ሰው አንድ በአንድ የጠየቀ ምላስ «እግዜር ይመስገን» ማለት እንኳ ጠፋው። «ትልቁ ሑመራ ለሰሊጥ ወርዶ ስድስት ዓመቱ ነው» አሉ በመጨረሻ። «ሁለተኛዋ…» ከዘራቸውን አነሡት፣ መልሰው አጋደሙት። «ይኸውልሽ ልጄ፣ ከየት እንደሚጀመር አላውቀውም።»

ባጃጁ እንደገና ጮኸ። ያምሮት ወጥታ ሂድ አለችው። ተመልሳ በርጩማው ላይ ተቀመጠች።

«ከትልቁ ይጀምሩ» አለች። «ስሙ ማን ነው?»