በራሱ በኩል የጨረሰው ሊቀ ሰንጠረዥ

ክፉ ሰው ብቻ ሥራ የሚያበላሽ እንዳይመስላችሁ። በየመሥሪያ ቤቱ፣ ቤት ሲቃጠል ባልዲውን ሞልቶ ደጃፍ ላይ አስቀምጦ የሚሄድ አንድ ሰው አይጠፋም። የታካሚዎችን መረጃ በኮምፒውተር ሰንጠረዥ የሚይዘው የሆስፒታላችን የዳታቤዝ ባለሙያ እንዲህ ነበር። ነርሶቹ «ክቡር ሊቀ ሰንጠረዥ» ይሉታል።

የተኝቶ ታካሚዎች ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ስሙ ሲነሳ ደሟ ይፈላል። የአልጋ ቁጥር አስተካክል ሲባል ያስተካክላል፤ የላቦራቶሪ ውጤቱ ግን ከኮምፒውተሩ ይሰወራል። ስትደውልለት፣

«ሲስተርዬ፣ በእኔ በኩል ጨርሻለሁ!»

«አንተ ሰውዬ፣ ያንተ በኩል በየት በኩል ነው የሚኬደው?»

ይስቃል። ጥርስ ብቻ!

አንድ ቀን ዳይሬክተሩ አዘዙ፦ ከየአልጋው ራስጌ ቀዩ የማስጠንቀቂያ ካርድ ይነሳ፤ ለማን የትኛው መድኃኒት እንደማይስማማ ኮምፒውተሩ ይናገር። ሊቀ ሰንጠረዥ በዋናው ሰንጠረዥ ላይ አዲስ ዓምድ ጨመረ፤ ካርድ ክፍል የማይስማማውን መድኃኒት እዚያ መመዝገብ ጀመረ፤ እሱ እጁን አራግፎ ሄደ። ነርሶቹ የሚያዩት ግን ዋናውን ሰንጠረዥ ሳይሆን ከሱ እየቀዳ የሚያሳይ የኮምፒውተር መስኮት ነው። መስኮቱ አዲስ በሽተኛ ሲገባ ወዲያው ያሳያል፤ አዲስ ዓምድ ሲጨመር ግን እንደገና ካልተሠራ በቀር የሚያውቀው የተሠራ ዕለት የነበሩትን ዓምዶች ብቻ ነው። ማን ይሥራው? ሁሉም በየበኩሉ ጨርሷል! ነርሶቹም ማስጠንቀቂያ ያልመጣለት ሁሉ ደህና መሰላቸው።

ሲስተር አንዲት እናትን ፔኒሲሊን ወጋች፤ እንደማይስማማት ካርድ ክፍል መዝግቧል፣ መስኮቱ ላይ ግን የለም። የሴትየዋ ፊት አበጠ፤ ትንፋሽ አጠራት። ለጥቂት ተረፈች።

ስብሰባ ተጠራ። ዳይሬክተሩ ጠረጴዛውን መቱ፦ «ተመዝግቧል፤ አላነበበችም። ፈቃዷ ይነጠቅ!» እውነቱን የሚጠረጥሩ ሐኪሞች ሁሉ ወለሉን ማየት ያዙ። እነዚህ ናቸው የተማሩት!

ሊቀ ሰንጠረዥ ዝም ቢል ማንም አይነካውም ነበር። ተነሳ።

«ዶክተር፣ እሷ ፊት ዓምዱ የለም። መስኮቱን አላደስኩትም፤ ክፍሏ ሄጄም አላየሁም።»

«የምትለው ገብቶሃል? ትባረራለህ እኮ!»

«ገብቶኛል። ሴትየዋ ልትሞት ነበር።»

ሲስተር ከወንበሯ ብድግ አለች። «እሱን አባራችሁ ማንን ልታመጡ ነው? ዝም የሚለውማ እዚሁ ሞልቷል!»

ከዚያ የማንንም ውሳኔ ሳትጠብቅ ክንዱን ይዛ ወደ ክፍሏ ወሰደችው። ኮምፒውተሩ ፊት ወንበር ሳበችለት።

«ተቀመጥ፣ የኔ ጉድ! ያ ዓምድ በዓይኔ ሳይታየኝ ብትነሳ እግርህን ነው የምሰብረው።»