የቱቦ ዳር ቀዳዳና ክቡር አቡ ሱሄይል

አዲስ ቤት በተጀመረበት ሁሉ ሳይጠራ የሚመጣ ጎረቤት አለ። ሲሚንቶው ሳይደርስ እሱ ይደርሳል፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ እየዞረ ያልተጠየቀውን ይመልሳል። ለእኛ ለዮርዳኖሶቹ ኢርቢዶች የደረሱን ክቡር አቡ ሱሄይል ናቸው።

ሌላው ስለ ብረትና ስለ ምሰሶ ሲያወራ፣ የእሳቸው ጉዳይ ቀዳዳ ነው። ቱቦ ወለሉን በስቶ ባለፈበት ሁሉ ተንበርክከው ዙሪያውን በጣታቸው ይፈትሻሉ። «ጣቴ የገባበት፣ ወሬም ይገባበታል» ይላሉ። አንዴ ለቤት ምርቃት ተጠርተው፣ ሰው ሁሉ የመንሰፉን ሩዝና ሥጋ ከቦ ሲበላ፣ እሳቸው መታጠቢያ ቤት ገብተው ወለል ሲያንኳኩ ተገኝተዋል። ባለቤቱ እስከ ዛሬ አኩርፏቸዋል።

እኔም እንደ አገሩ ወግ፣ ሚስት ላገባ ስል በእናቴ ቤት አናት ላይ ፎቅ ጨመርኩ። እጮኛዬ ናርዲን ግን ፈርታለች። የእህቷን ትዳር ያፈረሱት፣ ከታች ሆነው የሰሙትን ሁሉ የሚመነዝሩት የእህቷ አማት ናቸው።

«ፋዋዝ፣ በገዛ ቤቴ እያንሾካሾክሁ አልኖርም። እንዲያ ከሆነ ቀለበትህን ውሰድ» አለችኝ። የምሯን ነበር፤ እንቅልፍ አጣሁ።

ሊሾው ሊፈስ ሲል አቡ ሱሄይል ከች አሉ። ከቱቦው ዙሪያ ወረቀት መዘው አወጡ።

«ሙንዚር! የሲሚንቶ ከረጢት ነው የጎሰጎስክበት?»

«ሐጂ፣ ሊሾ ይሸፍነው የለ! ማን ያየዋል?» አለ ግንበኛው።

«ማየቱን ማን አነሳ? መስማቱን ነው እንጂ። ፋዋዝ፣ ልጄ፣ እስቲ እናትህ ማድ ቤት ውረድ።»

ወረድኩ። እናቴ ወጥ ታማስላለች። ከኮርኒሱ የእኔን ድምፅ የሚያስመስል ሹክሹክታ መጣ። «ናርዲንዬ፣ እናቴ ዛሬም የማቅሉባውን ሩዝ አሳረረችው።»

እናቴ ማንኪያዋን ወደ ላይ አነሳች። «እኔ ነኝ ያሳረርኩት? አንተ የማትረባ፣ ማነህ እዚያ ላይ?»

ሙንዚር ወዲያው ተንበረከከ። ወረቀቱን ጎልጉሎ አወጣ፣ ጠርዙ ላይ ውኃ አርከፈከፈ፣ ወፈር ያለ የሲሚንቶ ቡኮ ጠቅጥቆ ደፈነው። እስኪደርቅ ጠብቀን ሊሾውን አፈሰስን። ናርዲን መጥታ እላይ እየጮኸች ዘፈነች፤ እናቴ ምንም አልሰማችም። የሠርጉም ቀን ተቆረጠ።

ለምስጋና የኩናፋ ጣፋጭ ይዤ አቡ ሱሄይል ቤት ሄድኩ። ሚስታቸው ካረፉ ወዲህ ምድር ቤት ብቻቸውን ናቸው፤ ልጆቻቸው ከላይ ይኖራሉ። ማድ ቤታቸው ስገባ ዓይኔን ማመን አቃተኝ። ኮርኒሱ ላይ በቱቦው ዙሪያ ቡጢ የሚያስገባ ክፍተት አለ።

«አቡ ሱሄይል! የእርስዎስ?»

«ሽሽ!» አሉኝ። ከላይ የሕፃን ሩጫ ተሰማ፤ ቀጥሎም የምራታቸው ድምፅ በቀዳዳው ወረደ። «አባ፣ ምሳ በሉ?»

«በላሁ፣ ልጄ!» ብለው ጮኹ። ወደ እኔ ዞር ብለው፣ «እንዳይደፈን ያለችው እሷ ናት» አሉ። ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። እኒህን ነገረኛ ሽማግሌ ያን ቀን ወደድኳቸው።

ከሠርጉ በኋላ ነገሩን ለናርዲን ነገርኳት። ጥቂት አሰበችና ማንኪያ አንስታ ቱቦውን መታችው። ከታች የእናቴ ማንኪያ መለሰ። አሁን በየጠዋቱ እንደዚያ ነው የሚጠያየቁት።

አቡ ሱሄይል ይህን ሲሰሙ እየሮጡ መጡ። ተንበርክከው የቱቦውን ዙሪያ በጣታቸው ዳበሱት።

«ቀስ ብላችሁ ምቱት» አሉ፣ «ይሰነጠቃል።»