አባ ራያ ዝም ያሉበት ሰሞን

ምክር ፈላጊ ሞልቷል፤ ምክር ሲጠየቅ "እንጃ" ብሎ የሚያልፍ ሰው ግን እስካሁን አልገጠመኝም። መንገድ የጠየቃችሁት ሰው ራሱ ለከተማው እንግዳ ቢሆን እንኳ እጁን ዘርግቶ "ቀጥ ብላችሁ ሂዱ" ሳይላችሁ አይቀርም። እኛ አስተማሪዎች ደግሞ እንብሳለን። ሃያ ዓመት ጠመኔ የጨበጠ ሰው መልስ የሌለው ጥያቄ ያለ አይመስለውም፤ ሰፈርተኛውም "ቲቸር፣ ቲቸር" እያለ ልባችንን ያሳብጠዋል። ምክራችን በነፃ ስለሆነ ደግሞ ማንም ጥራቱን አይመረምርም። እስቲ የራሴን ጉድ ላውጋችሁ።

የምኖረው ጅማ፣ ቦሳ ኪቶ ነው። ሥራዬ ነገ ሕፃናትን የሚያስተምሩ ወጣቶችን ማሠልጠን ነው፦ ልጅ እንዴት አፉን እንደሚፈታ፣ ፊደል እንዴት እንደሚለይ፣ እንግሊዝኛ የሚሉትንስ ነገር ሳያስበረግጉ እንዴት እንደሚያስለምዱት። ክፍል በገባሁ ቁጥር የምደጋግመው አንድ ነገር ቢኖር፣ ልጅ በቤቱ የሚሰማው ቋንቋ ሁሉ ስንቁ ነው የሚል ነው። ለጅማ ሰው ደግሞ ይሄ ምን ይነገረዋል? በአማርኛ ሰላም ብሎ፣ በኦሮምኛ ዋጋ ተከራክሮ፣ "ወላሂ" ብሎ ምሎ የሚገበያይ ከተማ ነው። እኔ ራሴ በአማርኛ የጀመርኩትን ቁጣ በኦሮምኛ ካልጨረስኩት አንጀቴ አይርስም።

ታዲያ አንድ ቀን ጎረቤቴ ሀያት ዓይኗ ቀልቶ መጣች። የሦስት ዓመት ተኩል ልጇን ኢክራምን በእንግሊዝኛ ወደሚያስተምር አፀደ ሕፃናት ለመግቢያ ፈተና ወስዳት ነበር። የሦስት ዓመት ልጅ ምን ተብላ እንደምትፈተን እኔን አትጠይቁኝ። ፈታኟ የፖም ሥዕል እያሳየች "ዋት ኢዝ ዚስ?" ስትላት ኢክራም ጫማዋን አየች። በአማርኛ ሲጠይቋትም ያው ጫማዋን። እነሱም "የንግግር ችግር ሳይኖርባት አይቀርም፤ ከሦስት ወር በኋላ መልሰሽ አምጫት፣ ያኔም ካልተናገረች አንቀበላትም" ብለው ሸኟቸው።

"ቲቸር፣ እውነት ልጄ ችግር አለባት?" አለችኝ።

"ቤት ውስጥ በምን በምን ቋንቋ ነው የምታወሯት?"

"እኔ በአማርኛ፤ እኔ እንኳ ሱቅ ስለምውል ከማታ በቀር አላገኛትም። አባቷ ቡና ጭኖ አጋሮና ቦንጋ ሲመላለስ ነው የሚከርመው። ከአያቷ ከአባ ራያ ጋርማ ቀኑን ሙሉ ስትለፈልፍ ትውላለች፤ ግን ወሬያቸው በኦሮምኛ ነው፣ ለፈተና አይሆናት።"

ይህቺ የመጨረሻዋ አረፍተ ነገር ከተቀመጥኩበት ልታስነሳኝ ይገባ ነበር። ምን ዋጋ አለው፣ የፈተና ወረቀት ተቆልሎብኝ ቸኩያለሁ። "ተምታቶባት ይሆናል። ለጊዜው ሁላችሁም አማርኛ ብቻ አውሯት" አልኳት። ከየት እንዳመጣሁት እንጃ። ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ቢመልስልኝ ዜሮ ነው የምሰጠው። ነገር ግን ቁርጥ ያለ ነገር ተናግሮ የተጨነቀ ሰው ፊት ሲፈካ ማየት ደስ ይላል፤ ሀያትም "አላህ ያክብርልኝ" ብላ መርቃኝ ሄደች።

አባ ራያ የሀያት አማት ናቸው። በግቢያቸው ጥግ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር፣ ባለ ሦስት እግሯን የጅማ በርጩማ ሲጠርቡ ይውላሉ። ኢክራም ከእግራቸው ሥር ጠፍታ አታውቅም፤ ሰጋቱራው ላይ ተቀምጣ እሳቸው ሲያወሩ እሷ ስትመልስ ነበር የሚመሽላቸው። ከምክሬ በኋላ ሀያትን መንገድ ላይ ባገኘኋት ቁጥር "ኢክራም እንዴት ናት?" እላለሁ። "ዝም ብላለች ቲቸር፤ አማርኛው ገና እየገባላት ነው መሰለኝ" ትለኛለች። እኔም እንደ ሐኪም ራሴን ነቅንቄ አልፋለሁ።

ሁለት ወር እንዳለፈ ለተማሪዎቼ የተለመደውን ሥራ ሰጠኋቸው፦ እያንዳንዳቸው አንድ ሕፃን መርጠው የሚናገረውን ሁሉ ለጥቂት ሳምንታት በሰጠኋቸው ቅጽ ላይ እንዲመዘግቡ። ጫልቱ የምትባል ከደዶ ወረዳ የመጣች ልጅ ነበረች፤ ክፍል ውስጥ ድምፅዋ አይሰማም። ከተማው ውስጥ የምታውቀው ሕፃን የለም ስትለኝ ወደ እነ ሀያት ቤት ላክኋት። ልደብቃችሁ አልችልም፣ የምክሬን ፍሬ በጽሑፍ ለማየት ቋምጬ ነበር።

በሦስተኛው ሳምንት ጫልቱ ቅጹን ደረቷ ላይ አቅፋ ቢሮዬ መጣች። ተቀመጪ ብላትም አልተቀመጠችም።

"ቲቸር፣ እዚያ ቤት ችግር ያለባት ኢክራም አይደለችም።"

"ታዲያ ማን ነው?"

"እሷማ ትናገራለች። ዝም ያሉት አባ ራያ ናቸው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። ኢክራም ከሰዓት በኋላ ከቤቱ ጀርባ ያላለቁትን በርጩማዎች ትደረድርና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ በኦሮምኛ ታወራቸዋለች፤ አንዱን ትቆጣዋለች፣ አንዱን ትልከዋለች፣ ትንሹን እሹሩሩ ትለዋለች። ኮቴ ስትሰማ ጸጥ ትላለች። አባ ራያ ደግሞ ቲቸር ከልክላለች ከተባሉ ወዲህ፣ ልጅቷ ልብሳቸውን ስትጎትት ፈገግ ብለው ወደ እንጨታቸው ይዞራሉ። ጫልቱ ይሄን ሁሉ የጻፈችው በቅጹ ጀርባ ነበር። "ይቅርታ ቲቸር፣ ኦሮምኛውን መመዝገቢያ ቦታ ስላጣሁ ነው" አለችኝ። ቅጹን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ። ምን ብዬ ቀና ልበል?

የዚያኑ ቀን ከሥራ ስወጣ ጫልቱን ይዤ ሄድኩ። አባ ራያ የበርጩማ እግር በብርጭቆ ወረቀት እየፈተጉ ነበር፤ ለእኔ ያለቀውን አራግፈው አቀረቡልኝ። ሀያትም ከሱቅ ደርሳለች። ጥፋቱ የእኔ መሆኑን ተናገርኩ። የፈተናው ቀን አብሬ ሄጄ ኢክራም በምትችለው ቋንቋ እንድትጠየቅ እንደምሟገትላት ለሀያት ቃል ገባሁ። ከዚያ ወደ ሽማግሌው ዞርኩ።

"አባ ራያ፣ ምነው በአማርኛ እንኳ ሳያጫውቷት ቀሩ?"

"በአማርኛ በርጩማ መሸጥ እችላለሁ ቲቸር። ልጅ ማጫወት ግን አልችልበትም።" ትንሽ ፈተጉ። "አፌ የሚጎዳት ከሆነ ደግሞ ዝም ማለት ምን ያቅተኛል ብዬ ነው።"

"አፍዎ አይጎዳትም። እባክዎ እንደ በፊቱ ያጫውቷት" አልኩ። እሳቸው ሀያትን አዩ፣ ሀያት እኔን አየች፣ እኔ አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። የሰባ ዓመት አባት የገዛ ልጅ ልጃቸውን ለማናገር የእኔን ፈቃድ ሲጠብቁ አየሁ፤ በሕይወቴ እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ኢክራም፣ ኮቱ" ብለው ጠሯት። ነይ ማለታቸው ነው። ኢክራም ከቤቱ ጀርባ ሮጣ መጣች፤ እኔን ስታይ ቀጥ አለች። ከዚያ አያቷ ጉልበት ላይ ወጥታ ሰጋቱራ በተለጠፈበት ትንሽ እጇ አፋቸውን ከደነችው።

"አካኮ፣ ጨሊሲ። ቲቸሪ አስ ጅርቲ።"

አያቴ፣ ዝም በል፤ ቲቸር እዚህ ናት። ሀያት ሳቀች፣ ሳቋ ሳያልቅ እንባዋ መጣ። ንግግር ያቅታታል የተባለችው ልጅ አንዲት ስህተት የሌለበት ነገር ተናገረች፤ የተናገረችው ስለ እኔ ነው። ቦርሳዬን አነሳሁ፤ ጫልቱንም በዓይኔ ጠቀስኳት። ሀያት "ሻይ እንኳ ሳይጠጡ" ብላ ለመነችኝ፤ ሌላ ቀን አልኳት።

በሩን ከኋላዬ ዘግቼ አጥሩ ሥር ቆምኩ። መጀመሪያ ምንም አይሰማም ነበር። ቆየት ብሎ የአባ ራያ ድምፅ መጣ፣ ሻከር ብሏል፣ የሆነ ነገር ይጠይቃሉ። ከዚያ የእሷ። ከዚያ ሁለቱም፣ እየተሻሙ። ምን እንደተባባሉ አልነግራችሁም፤ ቋንቋው ጠፍቶኝ አይደለም፣ ለእኔ የተባለ ስላልነበረ ነው።