ጋሽ ዳልጮና የተሰነጠቀው ሹካ

በየትኛውም ገበያ የማይጠፋ አንድ ሰው አለ፤ የገዛ ዕቃውን የሚያማ ነጋዴ። ሌላው ሻጭ «ከፋብሪካ እንደወጣ ነው» ብሎ ሲምል፣ እሱ ገዢው ያላየውን ጉድፍ ፈልጎ ያሳያል። ደንበኛው ባዶ እጁን ሲመለስም ትልቅ ሥራ እንደሠራ ሰው እጁን ያራግፋል።

የአርባ ምንጩ ሲቀላ ገበያ ይህን ማዕረግ የሰጠው ለተከበሩት አቶ ዳልጮ ነው። ጋሽ ዳልጮ የአሮጌ ብስክሌት ዕቃ ይሸጣሉ፤ ይሸጣሉ ከተባለ። አጠገባቸው ሙዝ የምትሸጠው አገርነሽ ሸራቸው ላይ የተደረደረውን የእያንዳንዱን ዕቃ ሕመም እንደ ዘመድ ሕመም ታውቃለች። ቀኑን ሙሉ ሌላ የምትሰማው የላትም።

«ይሄ ደወል ይጮኻል፤ አልዋሽህም» ይሉታል ገዢውን። «ዝናብ ከነካው ግን ድምፁ ይታፈናል። ክዳኑ ላይ ያለው ጭረት የኔ ነው፤ ስፈታው ፒንሳው አምልጦኝ። በጣትህ ዳብሰው።»

«በጣትህ ዳብሰው» የማይባልለት ዕቃ የለም። አንድ ጊዜ አንድ መምህር የብስክሌት ካቴና ሊገዛ መጣ። የካቴናውን ታሪክ ከቀድሞ ባለቤቱ ጠባይ ጋር ካዳመጠ በኋላ፣ «ለካ ብስክሌት መንዳት ራሱ አደጋ ነው» ብሎ በእግሩ ሄደ። አገርነሽ ይህን ለሰፈሩ ሁሉ አውርታዋለች።

ሲላስ የመጣው ፀሐይ አናት በምትበሳበት ሰዓት ነው። የዶርዜ ሸማኔ ነው። አባቱ የተዉለትን ብስክሌት ሊያስነሳ፣ የፊት ጎማውን የሚይዘው ሹካ ጎድሎታል። ጋሽ ዳልጮ አንድ ሹካ አወጡና እንደ ልማዳቸው ከላይ ጀመሩ። ቀለሙ በብሩሽ የተቀባ እንጂ የፋብሪካ አይደለም። ከአረንጓዴው ሥር ጥቁር አለ፤ ከጥቁሩ ሥር ዝገት። ዝገቱ የጫሞ ሐይቅ ነው፤ የቀድሞው ባለቤት ዓሣ ያመላልስበት ነበር።

ሲላስ የዶርዜው መኪና ወደሚነሳበት በኩል ዞር ዞር ይላል። አገርነሽ አዘነችለት። ጋሽ ዳልጮም ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልሸጡም።

«ወንድሜ፣ እሳቸውን እስከ መጨረሻው ከሰማህ እዚሁ ታድራለህ» አለችው። «ከወደድከው ይዘህ ሂድ።»

ሲላስ ሳቀ። ከፍሎ ሹካውን ብብቱ ሥር ወሸቀ።

«ቆይ እንጂ፣ ገና እኮ...» አሉ ጋሽ ዳልጮ።

«እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ፣ መኪናው ሊያመልጠኝ ነው።»

ጋሽ ዳልጮ ተከተሉት፤ በሰው መሀል ጠፋባቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። አገርነሽ ውለታ የዋለችላቸው መስሏት ነበር።

ሳምንቱ ሳያልቅ የሲላስ ወንድም መጣ። ሲላስ የዶርዜን ቁልቁለት ሲወርድ ሹካው ከአንገቱ ተቆርጦ ጥሎታል፤ ቀኝ ክንዱ ተሰብሯል። ወንድምየው አልጮኸም።

«ስብራቱ ውስጥ የቆየ ዝገት አየን። ስንጥቅ እንዳለው ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር» አሉ ጋሽ ዳልጮ። «አንገቱ ላይ፣ ከብየዳው በታች፤ ፀጉር የምታህል ናት። ሜዳ ለሜዳ ይነዳበታል፤ ቁልቁለት አይችልም። ይህን አልነገርኩትም።»

አገርነሽ ስሟን ያነሳሉ ብላ ጠበቀች። አላነሱም።

«ሊነግሩት ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያቋረጥኳቸው እኔ ነኝ።»

ወንድምየው ሁለቱንም አየና «ለእሱው ንገሩት» አለ።

በማግስቱ አብረው ወደ ዶርዜ ወጡ። መኪናው ዳገቱን ሲጨርስ ጉም ውስጥ ገባ። ሲላስ ክንዱ በጄሶ ታስሮ ደጃፉ ላይ ተቀምጧል። ከጀርባው የተጀመረ ጋቢ እንደተወጠረ ቀርቷል።

«እኔም ቸኩያለሁ» አላቸው።

«ገዢ ይቸኩላል» አሉ ጋሽ ዳልጮ። «እኔ ከስንጥቁ መጀመር ነበረብኝ። ቀለም ማንንም አይጥልም።»

አገርነሽ «ይቅር በለኝ» ለማለት የቻለችው ሊወጡ ሲሉ ነው። ሲላስ «ይቅር ብዬሻለሁ» አላት። ከዚያ ግን ዞሮ ጋቢውን አየ፤ እሷም አየችው።

ክንዱ ገጠመ። ጋቢውን የጨረሰው ግን ወንድሙ ነው። ሲላስ መወርወሪያውን በድሩ መሀል እንደ ድሮው መላክ አልሆነለትም፤ ዛሬ የማጉን ክር እያደወረ ለወንድሙ ያቀብላል።

ጋሽ ዳልጮም ተለወጡ። አሁን ዕቃ ሲያነሱ በመጀመሪያ ሰው የሚጥለውን ይናገራሉ። «ይሄ ፍሬን በዝናብ አይይዝም።» ከዚያ ዝም። ቀለሙ፣ ጭረቱ፣ የቀድሞው ባለቤት ጠባይ፣ ሁሉም ቀረ። ገዢዎች ወደዱት፤ ዕቃውም ይሸጣል። ቀኑ የሚረዝመው በአገርነሽ ላይ ነው።

አንድ ዝናባማ ከሰዓት፣ ገበያው ጭር ሲል፣ ከሸራው ላይ አንድ የብስክሌት መብራት አነሳች።

«ይሄስ ምን ሆኗል?»

«አይበራም።»

«እሱን ሰማሁ። ሌላውስ? የማን ነበር?»

ጋሽ ዳልጮ እያሾፈች እንደሆነ ለማወቅ ፊቷን አዩ። ከዚያ መብራቱን ተቀብለው በሸሚዛቸው ጫፍ ጠረጉት።

«ከጨንቻ የመጣ ነው» አሉ ቀስ ብለው። «ባለቤቱ ጅብ የሚፈራ ሰው ነበር...»

አገርነሽ ባዶ ሣጥን ገልብጣ ተቀመጠች። ሙዝ ፈላጊ መጥቶ ሲጠራት፣ ፊቷን ሳታዞር «ቆይ፣ እየሰማሁ ነው» አለችው።