እትዬ ቅባትና የልጄ ፊት

በምድር ላይ የተሠራ ፎቅ ቤት ሁሉ ደረጃ፣ ሊፍትና የራሱ ሐኪም አለው። ሊፍቱ ይበላሻል፤ ሐኪሙ ግን እረፍት አይወጣም፣ የተማረበትም ትምህርት ቤት አይታወቅም።

የእኛዋ ክብርት እትዬ ቅባት ናቸው። ሹራባቸው ኪስ ውስጥ ከታች እየተጠቀለለ የመጣ አንድ የቅባት ቱቦ አለ። ለትንኝ ንክሻ እሱ፣ ለቃጠሎ እሱ፣ ሲጥ ሲጥ ለሚል በርም እሱ። በዕድሜ ትዳሬን ይበልጣል፤ አልቆ ግን አያውቅም።

የሦስት ዓመቷ ልጄ በአፏና በአፍንጫዋ ዙሪያ ጥቃቅን ቀይ ሽፍታ ሲወጣባት፣ እትዬ ደረጃው ላይ ያዙን። አገጯን ወደ መስኮቱ ብርሃን ቀና አድርገው፣ "ይቺማ ምን አላት! በሦስት ቀን ብን ነው የምትለው።"

ከቱቦው ቀባናት፤ እውነትም ሽፍታዋ ብን አለች። ቤታችን ደመና ላይ ተንሳፈፈ። መቀባቱን ስንተው ሽፍታው ዘመድ አዝማዱን ይዞ ተመለሰ። ስንቀባ ይጠፋል፣ ስንተው ይብሳል። ሦስት ወር እንደ ሕልም አለፈ፤ ፊቷ እንደ ማታ ሰማይ እየቀላ፣ እየደበዘዘ፣ እየቀላ።

የቆዳ ሐኪሟ ገና ልጄን ሳትነካ፣ "ምን ስትቀቧት ነበር?" አለች። ባለቤቴ ስለ ቱቦው ነገረቻት።

"የሚያመላልሰው እሱ ነው። ለሕፃን ፊት በጣም ጠንካራ ነው። አቁሙት፤ ለብ ያለ ውሃ ብቻ። መጀመሪያ ይብስባታል። ከጨከናችሁ ይድናል።"

ለእትዬ ስነግራቸው፣ "በእኔ እጅ?" ብለው በራቸውን ቀስ አድርገው ዘጉ።

ቅባቱን ባቆምን በስድስተኛው ቀን የልጄ ፊት እሳት መሰለ። ከመዋዕለ ሕፃናት መጥታ፣ "ከእኔ ጋር አንጫወትም አሉ" አለችኝ። አልቻልኩም። ከሚስቴ ተደብቄ የእትዬን በር አንኳኳሁ።

"እትዬ፣ ትንሽ ብቻ። ለነገ።"

"አልቋል።"

ቱቦው ከኪሳቸው አንገቱን አውጥቶ ያየኛል። "ይኸው እኮ፣ እትዬ!"

"አልቋል አልኩህ! ይልቅ ግባና ተቀመጥ፤ ልብህ እስኪጨክን አብረን እንቆያለን።" አስገብተውኝ ወንበራቸውን በሩ ሥር ገትረው ተቀመጡ።

ፊቷ በአምስተኛው ሳምንት ጠራ። ለእኔ ግን የዳነችው እትዬ በሩ ሥር በተቀመጡበት በዚያ ከሰዓት ነው። ፀሐዩ በመጋረጃው እየፈሰሰ ሁለታችንም አንቀላፋን። ስነቃ እትዬ ያንኮራፋሉ፤ ሹራባቸው ከነቱቦው ከትከሻቸው ወርዶ እግሬ ሥር ወድቋል። አነሳሁት። ከነቱቦው ትከሻቸው ላይ ጣል አደረግኩላቸውና በወንበራቸው ጎን በእግሬ ጣቶች እየተራመድኩ ወጣሁ።