ግሪሳዎቹ የፈተሹት አብራሪ

ካፒቴን ዘውገ አሻግሬ ትናንት በጠራራ ፀሐይ፣ ኤርፖርቱ በር ላይ ካለችው አግዳሚ ወንበር ሳይነሳ ያየው ሕልም እንዲህ ነበር። ተኛ ማለት እንኳ ይከብዳል። ከጠዋት ጀምሮ እዚያው ተጎልቶ ስለዋለ ዓይኑ ሳያስፈቅደው ነው የተከደነው፤ ቢያስፈቅድማ ኖሮ በዚያ በር ላይ እስካሁንም ባልተፈቀደለት ነበር።

ነገሩ ይህ ነው። ዘውገ የግል አብራሪ ነው፤ አንዲት ትንሽ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን አለችው። ቆላው ላይ የግሪሳ ወፍ ማሽላው ላይ ወርዶ፣ ሽማግሌው ገበሬ አቶ እብሬ ሰይድና ጎረቤቶቹ ማማ ላይ ወጥተው ሲጮኹ ሰንብተዋል። ወፎቹ የሚያድሩበት የወንዝ ዳር ደንገል ተገኝቷል። የዚያኑ ዕለት አመሻሽ ላይ፣ ተሰብስበው ሲሰፍሩ ካልተረጩ፣ በማግስቱ የሚተርፍ እሸት አይኖርም። አውሮፕላኗ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ትታያለች። የዘውገ የመግቢያ ካርድ ግን ጊዜው ካለፈ ሦስት ቀኑ ነው፤ ካርድ የሚያድሰው ቢሮ ደግሞ ያለው ከአጥሩ ውስጥ ነው። የበሩ ጠባቂ አስካለ ከላይ የፈቃድ ደብዳቤ እስኪመጣ ድረስ እንዲጠብቅ ነግራው ወንበሩን አሳየችው።

በሕልሙ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር። ጠባቂዎቹ ጫማቸውን አውልቀው፣ ቀበቷቸውን በእጃቸው ይዘው፣ ሱሪያቸው እንዳይወርድ በክርናቸው ደግፈው ተሰልፈዋል። የሰልፉ ጭራ ገበያው ውስጥ ገብቷል።

«ካፒቴን፣ እባክዎ ቶሎ ይፈትሹን፤ ሥራ ረፈደብን» አለ የፊተኛው።

ዘውገ ፈተሸው። ኪሱ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«ባዶ እጅህን ነው እንዴ የመጣኸው?» አለው፤ ቁጣው ከየት እንደመጣ ለራሱም ገረመው። «ሹል ነገር ሳትይዝ ማንን ልትጠብቅ ነው?»

ሰውዬው አፈረ። ከኋላው የቆመው ጓደኛው መቀስ አዋሰውና አለፈ። ሌሎቹም ምላጭ፣ ወስፌ፣ የብርቱካን ቢላዋ እያሳዩ ገቡ። ዘውገ ደስ አለው። በሃያ ሁለት ዓመት የበረራ ዘመኑ ጥፍር መቁረጫ ያልተወሰደበት ዓመት አልነበረም። አንድ ሙሉ አውሮፕላን እጁ ላይ እያለ በጥፍር መቁረጫ ምን ክፉ እንደሚሠራ ግን የነገረው ሰው የለም።

ወዲያው ራሱን መጠበቂያ አዳራሹ ውስጥ አገኘው። አውሮፕላኗ ሦስት ወንበር ይዛ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች።

«አንተ የማን ነህ?» አለችው።

«ያንቺው ነኝ እንጂ፤ ዘውገ።»

«ማስረጃ?»

የበረራ መዝገቡን አውጥቶ ሰጣት። አብረው የበረሩት በሰዓትና በደቂቃ፣ በየሜዳው ስም ተጽፏል። እየገለጠች አየችውና መለሰችለት።

«ይሄ እኔ ውስጥ እንደነበርክ ያሳያል። ወደ እኔ መቅረብ እንደምትችል ግን አያሳይም።»

«ሳልቀርብ ነው ውስጥሽ የገባሁት?»

«እሱን ለአጃቢህ ንገራት» አለችና ሻይዋን ፉት አለች።

አጃቢው ዶሮ ነበረች። የሚያንጸባርቅ ሰደርያ ለብሳ፣ አንገቷ ላይ ሰባት ካርድ አንጠልጥላለች። የበረራ ደኅንነት ኃላፊ መሆኗን ነገረችው።

«በአገልግሎት ዘመኔ አንድም የበረራ አደጋ አላደረስኩም።»

«በረው ያውቃሉ?» አላት ዘውገ።

«ምን ሲደረግ!» አለች ደንግጣ። «ለዚህ እኮ ነው።»

ዘውገ መልሱ ትክክል መሰለው። ከቢሮ ቢሮ ሲመላለስ ከዚህ የተሻለ መልስ ሰምቶ ስለማያውቅ ይሆናል።

ዶሮዋ እየመራች ወደ ማኮብኮቢያው አወጣችው። አስፋልቱ ላይ ማሽላ በቅሏል። ነጭ ሸሚዝ የለበሱ፣ ትከሻቸው ላይ ወርቃማ መስመር ያለባቸው አብራሪዎች በመንጋ መጥተው አገዳው ላይ ሰፍረው እሸቱን ይለቅማሉ። የቁጥጥር ማማው ላይ ደግሞ ግሪሳዎች ወንጭፍ ይዘው ቆመዋል።

«ሃይ! ሃይ! ውጣ ከዚህ!» ይላሉ ግሪሳዎቹ። ድንጋዩ ሲመጣ አብራሪዎቹ ብር ብለው ይነሱና ከአጥሩ ማዶ ይሰፍራሉ፤ ትንሽ ቆይተው ደግሞ ይመለሳሉ።

«ምን አጠፉ?» አለ ዘውገ።

«ፈቃድ የላቸውም» አለች ዶሮዋ።

«ወፎቹስ አላቸው?»

«ወፎቹማ ፈቃድ ሰጪዎቹ ናቸው።»

ይህን እያሉ አቶ እብሬ በበሩ በኩል መጣ። ማሳውን እንደ ሰሌን ጠቅልሎ በብብቱ ይዞታል፤ አፈሩ መንገድ ለመንገድ ይራገፋል።

«ካፒቴን፣ እርስዎ መምጣቱ ካልሆነልዎ ብዬ እኔ ይዤልዎ መጣሁ» አለ። «እዚሁ ይርጩልኝ።»

ዘውገ እንባው መጣ። ወዲያው ማሳው ከሽማግሌው እጅ ተወስዶ ፍተሻ ማሽኑ ላይ ተዘረጋ። ስክሪኑ ላይ እያንዳንዱ ዘለላ ቁልጭ ብሎ ታየ። አንዲት ግሪሳ መነጽሯን አድርጋ ጎንበስ አለች።

«ፍሬ አለው» አለች።

«ማሽላ ነዋ» አለ አቶ እብሬ።

«ፍሬ ያለው ነገር በዚህ አያልፍም። ይወረሳል።»

«ከተወረሰ በኋላስ የት ይገባል?»

ግሪሳዋ ፊሽካዋን ነፋች። ከማማው ሁሉም ወረዱ። ሳይጋፉ፣ ተራቸውን ጠብቀው፣ መዝገብ ላይ እየፈረሙ ወረሱት። በማሽኑ ወዲያኛው ጫፍ ባዶ አገዳ ወጣ። አቶ እብሬ መልሶ ጠቀለለው፤ በጣም ቀሎታል።

«አይዞዎት ካፒቴን» አለው፤ እሱው ዘውገን። «እርስዎ ምን ያድርጉ!»

ከስድብ ሁሉ ይህ ባሰበት። ጥፋቱ የእሱ እንዳልሆነ ያውቃል፤ ቢሆንም ሽማግሌውን ቀና ብሎ ማየት አልቻለም። ጫማውን አወለቀ፣ ቀበቶውን ፈታ፣ ሸሚዙን ወረወረ፤ ከእንግዲህ የሚወስዱበት ነገር እንዳይኖር። ከዚያ እጁን ዘርግቶ ሮጠና ተነሳ። ማሽላው ከሥሩ ራቀ፣ ወንዙ ታየው፣ ደንገሉም ታየው።

«ቁም!» ብላ ጮኸች ዶሮዋ ከታች። «ክንፍ ሹል ነገር ነው!»

«ካፒቴን! ኧረ ካፒቴን፣ ይነሱ!»

አስካለ ናት። ትከሻውን ይዛ ትወዘውዘዋለች። ሰዓቱ አሥር አልፏል።

«ደብዳቤው መጣ» አለችው። «ተፈቅዶልዎታል።»

ዘውገ ከእጇ ነጥቆ አነበበው። ስሙ አለ፣ የአውሮፕላኗ ቁጥር አለ፣ ማኅተሙም አለ። ሊስማት ምንም አልቀረው። ከበሩ ውጭ በቆመው ፒካፑ ላይ የተጫነውን ስድሳ ሊትር የወፍ መድኃኒት ሊያወርድ እየሮጠ ሳለ አስካለ ከኋላው ተጣራች።

«ቆይ ካፒቴን፣ ሁለተኛ ገጽ አለው» አለችና እጇ ላይ የቀረውን ወረቀት ድምጿን ዝቅ አድርጋ አነበበችለት። በበሩ የሚያልፍ ማንኛውም ፈሳሽ በአንድ መያዣ ከመቶ ሚሊ ሊትር መብለጥ የለበትም።

«አስካለ፣ የወፍ መድኃኒት እኮ ነው! አውሮፕላን ላይ የሚጫን!»

«ገብቶኛል። ግን ካሜራ አለ፤ ከሥራ ያባርሩኛል።» ትንሽ አሰበችና ወደ ጥበቃ ቤቷ ገባች። የሽቶ ጠርሙስ የሞላበት ካርቶን እየጎተተች ወጣች። «እነዚህ እያንዳንዳቸው ልክ መቶ ሚሊ ሊትር ናቸው። መቶ መሆናቸውን ያየነው ከተሳፋሪ ከወረስን በኋላ ነው። እኔ ሽቶውን ልድፋ፣ እርስዎ ይሙሉ፤ ወደ አውሮፕላኗ ወስደው ይገልብጡና ይመለሱ።»

ዘውገ በልቡ አሰላው። ስድስት መቶ ጠርሙስ ነው። ተንበረከከና መሙላት ጀመረ።

ስልኩ ጮኸ። አቶ እብሬ ነበር። ከጀርባው የሰው ጩኸትና የሚቀጠቀጥ ጣሳ ይሰማል።

«ካፒቴን፣ ወፎቹ ወደ ደንገሉ መግባት ጀምረዋል። የት ደረሱ?»

ዘውገ ስልኩን በትከሻው አጣብቆ፣ መድኃኒቱ እንዳይፈስበት እየተጠነቀቀ፣ በጠባቧ የጠርሙስ አንገት ማንጠባጠቡን ቀጠለ።

«አራተኛው ጠርሙስ ላይ ነኝ» አለ።